«የጉም ካባ» በጋቢ ላይ የታየ ዕለት

መጽሐፍ አንብቦ ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከአዳራሹ ሲወጣ ፊቱን አጨፍግጎ «መጽሐፉን አበላሹት» ይላል። ጀግናው አጥሮ፣ ቆንጆዋ ወፍራ፣ የወደደው ምዕራፍ ተዘሎ ያገኘዋል። እኔን የገጠመኝ ሌላ ነው። ፊልሙ መጽሐፉን መምሰሉ አልበቃው ብሎ፣ እኔ ከራሴ የጨመርኩትን ውሸት ሳይቀር ይዞ መጣ። ይሄን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እነሱ እዚያ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ማይክራፎን ጨብጠው አልቆሙም።

ከመጽሐፉ ልጀምር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴም የትም እንደማያስገባኝ ታውቆ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ካለው ቤታችን ቁጭ ያልኩበት ክረምት ነው። ቁጭ አልኩ ማለቴ እንኳ ለወጉ ያህል ነው፤ እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም። ጨው ቢያልቅ እኔ፣ ክብሪት ቢያልቅ እኔ፣ ምንም ባያልቅም ጋሽ ከድር ሱቅ የምሄደው እኔ ነኝ። ጋሽ ከድር ከባንኮኒያቸው ሥር የወረቀት ክምር አላቸው። አሮጌ ጋዜጣ፣ የታረመ የፈተና ወረቀት፣ ባለቤቱ የጠፋ ፋይል፣ አንዳንዴም መጽሐፍ። ጨዉን፣ በርበሬውን፣ ሻይ ቅጠሉን የሚጠቀልሉት በዚያ ነው። እኔ ደግሞ በርበሬውን ቤት አድርሼ ወረቀቱን ቆሜ የማነብ ሰው ነኝ። ለዚህ ይሆናል እውቀቴ ሁሉ ከመሀል ጀምሮ መሀል ላይ የሚቆመው።

አንድ ቀን ሻይ ቅጠል ሲጠቀልሉልኝ በወረቀቱ ላይ «ጉም ሰፊው መርፌውን ምላሱ ላይ አሳርፎ ሳቀ» የሚል አየሁ። ከምን እንደተቀደደ ጠየቅኳቸው። ጎንበስ ብለው ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ከሩሲያኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ልብ ወለድ አወጡ። «የጉም ካባ» ይላል። ፊቱ ደህና ነው፤ ከኋላው ግን በሬ የጋጠው ሣር መስሏል።

«ጋሽ ከድር፣ ምነው ከመጨረሻው ይቀዱታል?» አልኳቸው።

«የት ከመጨረሻው፤ ከመጀመሪያው ነው እንጂ» አሉኝ ተቆጥተው። «መጨረሻውማ ዋናው አይደል? እሱ እንዳይነካ ብዬ ነው።»

ጋሽ ከድር የሚያነቡት ቁርኣን ብቻ ነው። ለሳቸው መጽሐፍ የሚጀምረው በቀኝ በኩል ነው። ለአንባቢ አዝነው፣ መጨረሻውን ላድን ብለው፣ መጨረሻውን ለሰፈሩ በሻይ ቅጠል አከፋፍለውታል። ምን ይባላል? አመሰገንኳቸው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩባቸውን ደብተሮች ተሸክሜ ወርጄ በመጽሐፉ ለወጥኳቸው። የፊዚክስ ደብተሬ ጨው ሲጠቀለልበት ሳይ፣ ያ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ አልኩ።

መጽሐፉን በዚያ ክረምት አራት ጊዜ አነበብኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ጉም በማይለየው አንድ አገር ንጉሡ ለጦርነት ወጣት ያስለቅማል። ዬጎር የሚባል ልጅ ከለቃሚዎቹ ሸሽቶ ጫካ ይገባል። እዚያ ከጉም ልብስ የሚሰፋ ሰው ያገኛል። ሰፊው ካባ ይሰፋለትና «የለበሰው አይታይም፤ እንዴት እንደሚወልቅ ግን እኔም አላውቅ» ይለዋል። ዬጎር ካባውን ለብሶ፣ በወታደሮቹ መሀል አልፎ፣ እናቱ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። እናቱ አታየውም። ቢጮህ አትሰማውም። እሷ ግን በየቀኑ በሱ ቦታ ሳህን ታስቀምጣለች። ሾርባው እንዳለ ቀዝቅዞ ይቀራል። አንዳንድ ቀን ብቻ ማንኪያው ካስቀመጠችበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ታገኘዋለች።

እዚህ ላይ መጽሐፉ ያልቃል። ማለቴ፣ ጋሽ ከድር ጨርሰውታል።

ሰው እንቅልፍ ሲያጣ በግ ይቆጥራል ይላሉ፤ እኔ ሻይ ቅጠል የገዙትን ጎረቤቶች ቆጠርኩ። በየቤቱ እየገባሁ «የሻይ ቅጠል መጠቅለያ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዷ ለእሳት ማቀጣጠያ አድርጋዋለች። አንደኛው ለምን እንደተጠቀመበት ሊነግረኝ አልፈለገም፤ እኔም አልጫንኩትም። በመጨረሻ አንድ አራስ ቤት ገባሁ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ ቁጭ ከማለቴ ከአራሷ ራስጌ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ መሀል፣ የኔን ወረቀት አየሁት። ቀዳዳ ደፍነውበታል። በዱቄት ሙጫ፣ ያውም ተዘቅዝቆ። አንገቴን ሰብሬ አነበብኩ። አብዛኛው ጥላሸት ጠጥቷል። የሚነበበው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው። «እናቲቱም በመጨረሻ ሳህኑን አነሳችው።» የጀርባው ገጽ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኗል፤ ልላጠው ስል የአራሷ እናት እጄን ያዙኝ።

ሳህኑን አነሳችው። ብዙ ጊዜ አሰብኩበት፤ አልወደድኩትም።

አሁን እትዬ ዘርፌን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ዘርፌ ከቁስቋም በታች፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ የመጨረሻው ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ፈታይ ናቸው። ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ ይፈትላሉ። ፈትላቸውን ሸማኔ ሁሉ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሆኖ አይበጠስም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። ከክፍሉ አንደኛ ነበሩ። ዓይናቸው ግን ለደቃቅ ጽሑፍ አይደርስም። «አስተማሪዬ፣ ፊደሉን ሰጠሽኝ፤ ዓይኑን ደግሞ ከየት ላምጣው?» ይሉኛል። ስለዚህ እየሄድኩ አነብላቸዋለሁ።

ሙሉጌታ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ጀሪካን ይዞ ላምባ ሊገዛ ወጣ። ጀሪካኑም እሱም አልተመለሱም። ያኔ ማን ወሰደው ተብሎ አይጠየቅም፤ ማልቀስም ያስጠይቃል። ዘመኑ ትንሽ ረገብ ሲል፣ የሱሉልታው ወንድማቸው በየዓመቱ እየመጡ «እርምሽን አውጪ» ይሏቸው ጀመር። ሬሳው ያልተገኘ ሰው ዘመዱ ተሰብስቦ ድንኳን ተክሎ እስኪያለቅስለት ድረስ ከሞቱትም ካሉትም አይደለም፤ እናቱም እንደዚያው። እትዬ ዘርፌ ግን አሻፈረኝ ብለዋል። ያን ክረምት እንዝርታቸውን ሰቅለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር። መጽሐፉን ይዤ የሄድኩት ለዚህ ነው፤ ትንሽ ባጫውታቸው ብዬ።

ሲጫወቱልኝ ሰነበቱ። በጉም ሰፊው ሳቁ፤ ሰፊ ነኝ ብሎ ክር የማይቋጥር ሰነፍ ነው አሉ። (መጽሐፉ ይሄን ሠላሳኛው ገጽ ላይ እንደ ዘበት ያነሳዋል።) ከዚያ እናቲቱ ሳህን ወደምታስቀምጥበት ደረስኩ። ከገጹ ቀና ስል ወደ ጥግ እያዩ ነው። ጥጉ ላይ አንድ በርጩማ አለ። ከፊቱ በተገለበጠ ሣጥን ላይ በሌላ ሳህን የተከደነ የቆርቆሮ ሳህን። ያን ቤት ስመላለስበት ከርሜ እሱን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

«እርስዎም...?» አልኳቸው።

«ቀጥዪ» አሉኝ።

ቀጠልኩ። ገጹ አለቀ። ግድግዳው ላይ ያለውን መስመር ማንበብ ነበረብኝ፤ «ሳህኑን አነሳችው» ማለት። ምላሴ እምቢ አለኝ። በዚያ ፈንታ ዓይኔን መጽሐፉ ላይ ተክዬ ከራሴ አወራሁ። ሳህኑን ልታነሳ ስትል ከሥሩ የክር ጫፍ አገኘች፤ ሰፊው አልቋጠረውማ። ጎተተችው፣ ጎተተችው፤ ጉሙ እየተተረተረ ቤቱን ሞልቶ በመስኮት ወጣ። መጨረሻ ላይ ዬጎር ከስቶ፣ ገርጥቶ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ «እማዬ፣ ራበኝ» አላት። አለቀ።

እትዬ ዘርፌ «ጫፉ ከሳህኑ ሥር ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

በማግስቱ ተነሥተው እንዝርታቸውን አወረዱ። ሰፈሩ «ይህች ልጅ ምን አደረገቻቸው?» አለ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ዞርኩ። ኩራቴ ግን ብዙ አልቆየም። ወንድማቸው መጥተው እርሙን ሲያነሡባቸው «ጫፉን እየፈለግሁ ነው» ብለው እንደመለሱላቸው ሰማሁ። አንድ ቀን ደግሞ ሳላንኳኳ ብገባ፣ እትዬ ዘርፌ በርጩማው ፊት ተንበርክከው በሁለት ጣታቸው ባዶ አየር ይዳስሳሉ፤ የተበጠሰ ክር እንደሚፈልግ ሰው፣ ቀስ ብለው፣ ከላይ ወደ ታች። ድምፅ ሳላሰማ ወጣሁ። ውሸቴ እዚያ ቤት ገብቶ ቁጭ ብሏል፤ የሚያስነሳውም የለ። እንዳልነግራቸው ተመልሰው ግድግዳ ያያሉ። ዝም እንዳልል ዕድሜያቸውን ሙሉ አየር ሲዳስሱ ሊኖሩ ነው።

በዚህ መሀል የቀበሌው ድምፅ ማጉያ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ከስብሰባው ቀጥሎ «የጉም ካባ» የተባለ የወዳጅ አገር ፊልም በአዳራሹ እንደሚታይ ለፈፈ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ አብድ ነበር። ያን ቀን ግን ምነው ባልሰማሁ አልኩ። ፊልሙ ጋሽ ከድር እጅ አልገባም፤ መጨረሻው አልተቀደደም። እናቲቱ ሳህኑን ታነሳለች፤ እትዬ ዘርፌም ያያሉ።

እንዳይሄዱ ያላልኩት የለም። ፊልም ዓይን ያጠፋል አልኳቸው፤ ያለቀ ዓይን ደግሞ ምን ይጠፋል አሉኝ። አዳራሹ ቁንጫ አለው አልኩ፤ ቁንጫ በቤታቸውም እንዳለ ነገሩኝ። ፊልሙ በሩሲያኛ ነው አልኩ፤ «አንቺ ነግረሽኝ የለ፤ ምን ቋንቋ ያሻዋል?» አሉ። ቅዳሜ ማታ የጫማቸውን አንድ እግር ከበር ላይ ይዤ ሄድኩ። እሑድ አንድ እግር ጫማ፣ አንድ እግር የጎማ ቦቲ አድርገው፣ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አገኘኋቸው። ጫማውን በነጠላዬ ደብቄ ይዤ ነበር። ከአጠገባቸው ስቀመጥ እግራቸው ሥር አኖርኩት። አየት አድርገው አደረጉት። ይሄ ከስድብ ይከፋል።

አዳራሹን ለማጨለም መስኮቱን ሁሉ በብርድ ልብስ ሸፍነውታል። የቀበሌው ነጭ አቡጀዴ ለበዓል መፈክር ተጽፎበት ስለነበር ለፊልሙ የሚሆን ጨርቅ አልተገኘም። ስለዚህ ከሸማኔዎቹ ማኅበር አዲስ ጋቢ ተውሰው ዘርግተዋል። ጋቢው መሀሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ስፌት አለው፤ ግርጌውም ገና አልተቋጨም፤ ክሩ ተንጠልጥሏል። ከኋላው የተሰበረ መስኮት ስላለ ነፋስ በገባ ቁጥር ጋቢው ይነፋና ይሟሽሻል። የሚተነፍስ ነው የሚመስለው።

እትዬ ዘርፌ አይተው አይተው «የኔ ፈትል ነው» አሉ።

ከጨለማው መሀል ብርሃኑ ሲወረወር መጀመሪያ የታየው ጉም ነው። ጉሙ በጋቢው ላይ ሲንቀሳቀስ፣ ከውጭም በብርድ ልብሶቹ ክፍተት የቁስቋም ጉም ሾልኮ እየገባ በብርሃኑ ጨረር ውስጥ ይዋኛል። የቱ የፊልሙ የቱ የኛ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሰዉ ነጠላውን ሰብሰብ አደረገ።

አስተርጓሚ ተብሎ የቆመው ሞስኮ ለስምንት ወር ኮርስ ሄዶ የተመለሰ ጓድ ነው። ቋንቋውን እዚያው ትቶት የመጣ ይመስለኛል። ሰፊው መርፌውን ምላሱ ላይ አሳርፎ ሲስቅ «ይህ ንዑስ ከበርቴ ነው» አለ። እናቲቱ እያለቀሰች ረጅም ነገር ስትናገር «የምርት እጥረት መኖሩን እየገለጸች ነው» አለን። እኔ ደግሞ ዝም ማለት መቼ ያውቅልኛል? ሰፊው ጺም አለው፤ በመጽሐፉ ጺም የለውም። ቤታቸው ወንዝ ዳር ነው፤ በመጽሐፉ ኮረብታ ላይ ነው። ለእናቲቱ ሦስት ዶሮ ጨምረውላታል። ይሄን ሁሉ ለራሴ የነገርኩ መስሎኝ ለአዳራሹ ነግሬዋለሁ።

«ማን ነው የሚያውከው?» አሉ የቀበሌው ሊቀመንበር ከኋላ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር። የሚለው ሌላ፣ የሚታየው ሌላ ነው። መጽሐፉን አንብቤዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አራት።»

አዳራሹ ሳቀ። «እንግዲያ ነዪና አንቺ ተናገሪ» አሉ ሊቀመንበሩ። ይቀየመኝ ይሆናል ያልኩት አስተርጓሚ ማይክራፎኑን የሰጠኝ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው ነው። እኔም፣ የምሸሸውን ነገር በገዛ ምላሴ ጎትቼ ያመጣሁ ጅል፣ ከጋቢው አጠገብ ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ። እትዬ ዘርፌ ከፊቴ ናቸው፤ ሁለት ክንድ አንራራቅም።

መቼም አይዋሽም፤ አማረልኝ። ካባው ሲሰፋ፣ ዬጎር በወታደሮቹ መሀል ሲያልፍ፣ ፊልሙ ቀድሞኝም ቀርቶብኝም አያውቅ። ጺሙ፣ ወንዙና ዶሮዎቹ ካልሆኑ በቀር አንድ ቃል አልጎደለም፤ ማንኪያዋ እንኳ ፈቀቅ አለች። በስፌቱ ግራ እናቲቱ፣ በስፌቱ ቀኝ ባዶው ወንበር። ጋቢው በተነፈሰ ቁጥር ወንበሩ ወደ እኛ ቀረብ፣ መለስ ይላል። ከዚያ የመጽሐፌ የመጨረሻው ገጽ አለቀ። ከዚህ ወዲያ የማውቀው አንድ የተዘቀዘቀ መስመር ነው።

እናቲቱ እጇን ዘርግታ ሳህኑን አነሳችው።

ከሳህኑ ሥር የክር ጫፍ ነበር።

ማይክራፎኑ ትንፋሼን ለሰዉ ሁሉ አሰማ። ይሄን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከራሴ አፍ ያወጣሁት ነው። ከኔና ከእትዬ ዘርፌ በቀር ማንም አያውቀውም። ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ፊልሙን አያዩም፤ የሚያዩት እኔን ነው።

እናቲቱ ክሩን ጎተተች። ጎተተች። ጉሙ እየተተረተረ ቤቱን ሞላ፤ በመስኮት ወጣ። ሁሉም እኔ እንዳልኩት ነው። የጋቢው ግርጌ ላይ የተንጠለጠለው ክር በነፋሱ ይርገበገባል፤ ከፊልሙ ወጥቶ ወደ አዳራሹ የወረደ ይመስላል። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ እግራቸውን ሲሰበስቡ አይቻለሁ። የመጨረሻው ዙር ተፈታ። ጉሙ ጠራ።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

«ልጁስ?» አለ አንድ ሰው ከጨለማው። «የታለ ልጁ?»

ሰዉ ሁሉ ከኔ ይጠብቃል። ውሸቱ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ነፃ ወጥቶ ሩቅ አገር ሄደ ልል፣ ኋላ ይመጣል ልል። አንድ ጊዜ ለዋሸ አፍ ሁለተኛው ይቀለዋል። ማይክራፎኑን ወደ አፌ ሳስጠጋ እትዬ ዘርፌ ከአግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ፣ ጮክ ሳይሉ ተናገሩ።

«ተይው የኔ ልጅ። ይታያል።»

ተውኩት። በጋቢው ላይ እናቲቱ ትንሽ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሥታ ሳህኑን አጠበችው፤ መደርደሪያው ላይ ደፋችው። ሩሲያኛ ፊደል መጣ። ብርድ ልብሶቹ ሲነሡ ሊቀመንበሩ ፊልሙ ስለ ጋራ እርሻ ጠቀሜታ ብዙ እንዳስተማረን ተናግረው አስጨበጨቡ። አጨበጨብን።

ወደ ቁስቋም ስንወጣ ገና አልመሸም፤ ጉሙ ግን ከእንጦጦ ወርዶ መንገዱን ይዞታል። አምስት እርምጃ ፊት ያለ ሰው አይታይም። እትዬ ዘርፌ ክንዴን ይዘዋል። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ አወጣሁት። መጨረሻው ተቀዶ ነበር፣ ያነበብኩልዎት ከራሴ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ቆምኩ።

«መጨረሻውን ያነበብሽልኝ ቀን ገጽ አልገለጥሽም። ጣትሽም ከመስመሩ ተነሥታ ነበር። አንቺ አይደለሽ ጣታችሁን ከመስመሩ አታንሡ እያልሽ ያሰለቸሽን?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ደስ አለኛ። ሌላው የሚዋሸኝ ለራሱ ብሎ ነው፤ ለኔ ብሎ የዋሸኝ ሰው አንቺ ነሽ።» ጥቂት እንደሄድን «ትንሽ ልያዘው ብዬ ነው» አሉ። «አውቄ ነው የያዝኩት።»

እንግዲያ ፊልሙ የኔን ውሸት ከየት አገኘው ብዬ ጠየቅኳቸው። እትዬ ዘርፌ ሣቁብኝ። «ያልተቋጠረ ክር ጫፍ አለው። ይሄን ለማወቅ ሩሲያ መሄድ አያሻም፤ ፈታይ መጠየቅ ነው።»

«ከሳህኑ ሥር መሆኑንስ?»

ይሄን ስል ቤታቸው ደረስን።

ነጠላቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ጥጉ ሄዱ። የላይኛውን ሳህን አነሡ። ጠዋት ያኖሩት እንጀራና ሽሮ እንዳለ ነው። የታችኛውንም ከነምግቡ አነሡት። ከሥሩ፣ ሣጥኑ ላይ፣ የጣት ርዝመት ያህል ነጭ ክር ነበር።

አውቃለሁ፤ የፈታይ ቤት ነው። እዚያ ቤት ክር የሌለበት ቦታ የለም፤ ምሰሶው ላይ አለ፣ አልጋው ላይ አለ፣ እኔም ሁልጊዜ ቀሚሴ ላይ ይዤ እወጣለሁ። ይሄን ሁሉ ለራሴ በሚገባ አስረዳሁት። እንደዚያም ሆኖ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈግኩ።

እትዬ ዘርፌ ክሩን አልጎተቱትም። በጣታቸው ላይ አንድ ዙር ጠቅልለው ትንሽ አዩትና የባዘቶው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ደብተራቸውን ከፍራሹ ሥር አወጡ። እርሳሱን ምራቃቸውን እያስነኩ፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሳያነሡ፣ ለወንድማቸው ጻፉ። ሲጨርሱ እንዳርመው ሰጡኝ። «ወንድሜ ሆይ ና። የሙሉጌታን እርም ላወጣ ነው» ይላል። አንድ ስሕተት አልነበረውም። አስተማሪ ሆኜ ያፈራሁት ይሄን ነው።

«በዪ አሁን ቁጭ በዪና ብዪ» አሉኝ ሳህኑን እየዘረጉልኝ።

አልጋው ላይ ባዘቶ ተዘርግቷል፤ ሌላው መቀመጫ የሳቸው ነው፤ እሱ ላይ ተቀምጠዋል። የቀረው ጥጉ ላይ ያለው በርጩማ ነው።

«እትዬ፣ ቆሜም እበላለሁ።»

«ለአምስት ዓመት የውሻ ሲሳይ ሆኗል። ዛሬ ሰው ይብላው።»

ምን ላድርግ? በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሽሮው ቀዝቅዟል፤ ጨውም በዝቶበታል፤ እንባ ይሁን እጃቸው እንዲያ ይሁን አልጠየቅኩም። ጨርሼ በላሁት፤ ሳህኑንም ጠረግኩት። አንድ ነገር ብቻ ልናዘዝ። እኔ ጅብ የማልፈራ፣ ካድሬ የማልፈራ ልጅ፣ ያቺን ትንሽ በርጩማ ግማሿን ብቻ ነው የተቀመጥኩባት። በግማሽ በርጩማ ላይ እንጀራ መብላት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቃል፤ አንድ እግሬ እስኪደነዝዝ ተንጠልጥዬ ነው የጨረስኩት።

እትዬ ዘርፌ ሲያዩኝ ነበር። ገባ ብለሽ ተቀመጪ አላሉኝም።